ማዕድ ቤቱ ያበራል፤ አረጋውያኑ ግን ይታመማሉ

ጥያቄ፦ «64 አረጋውያን በሚኖሩበት መንከባከቢያ ማዕከል የምግብ አገልግሎት ኃላፊ ሆኜ ከተመደብኩ አምስት ወር ሆነኝ። በእነዚህ ወራት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ሌሊት ውስጥ፣ ከአሥር የሚበልጡ ነዋሪዎች በሆድ ቁርጠትና በተቅማጥ ታመውብናል። ያስመለሰው ሰው አልነበረም፤ ትኩሳትም አልታየም። በማግስቱ ማታ ሁሉም ተሽሏቸው ነበር። ከታመሙት አብዛኞቹ ምግብ ተፈጭቶ የሚቀርብላቸው ናቸው። በሁለቱም ቀናት ለምሳ የቀረበው በዋዜማው የተሠራ ወፍራም የሥጋ ሾርባ ነበር። ማዕድ ቤቱ በየቀኑ ይታጠባል፤ ሠራተኞቹ ጓንትና ቆብ ያደርጋሉ፤ የሙቀት መመዝገቢያው አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ቀርቶ አያውቅም። ስህተቱ የት ነው? ባልደረቦቼ ከእንግዲህ ከቤተሰብ የሚመጣ ምግብም፣ ለስላሳ እንቁላልም ይከልከል ይላሉ። ልስማማ?»

ምላሽ፦ የመልሱ ግማሽ በጥያቄዎ ውስጥ አለ፤ ልብ ሳይሉት ጽፈውታል። ትውከት የለም፣ ትኩሳት የለም። ሕመሙ በአንድ ሌሊት መጥቶ በአንድ ቀን ሄዷል። ምግቡ በትልቅ ድስት የተሠራና ያደረ ሥጋ ነው። ይህን የሰማ የምግብ ደኅንነት ባለሙያ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለውን ባክቴሪያ ነው። እርግጡ የሚታወቀው የታማሚዎቹ ሰገራና የተረፈው ምግብ በላቦራቶሪ ሲመረመር ስለሆነ ጥርጣሬዬን እንደ ፍርድ አይውሰዱት። ነገር ግን ሊከተሉት የሚገባ ዱካ ነው።

ይህ ባክቴሪያ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ሕያው ሕዋሱ በመቀቀል ይሞታል፤ ስፖር የሚባለው ጠንካራ ዘሩ ግን መፍላቱን ችሎ ያልፋል። እንዲያውም ሙቀቱ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ሾርባው ሲፈላ ተቀናቃኞቹ ሁሉ አልቀውለታል፤ በውስጡ የነበረው አየርም ወጥቶለታል፤ እሱ ደግሞ አየር የማይወድ ፍጥረት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ድስቱ ለብ እስኪል ብቻ ነው። ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት በአሥር ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ይህም ማለት በሦስት ሰዓት ውስጥ 18 ጊዜ ይታጠፋል፤ አንዷ ሕዋስ ከ260 ሺህ በላይ ትሆናለች። የበላው ሰው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሆዱን ይቆርጠዋል። ምሳ ተበልቶ ሌሊት መታመም ከዚህ ጋር ልክ ይገጥማል።

እንግዲህ ወለሉ የቱንም ያህል ቢያበራ ለዚህ ባክቴሪያ ደንታው አይደለም፤ ሾርባው ወለል ላይ አልፈሰሰም።

እኔ አንድ ማዕድ ቤት እንዳይ ስጠራ ግድግዳና ወለል የማየው በመጨረሻ ነው። አንድ ምግብ እመርጥና ከፈላበት ደቂቃ እስከ ነዋሪው አፍ ድረስ ቴርሞሜትር ይዤ እከተለዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደ እርስዎ ባለ አንድ ማዕከል ውስጥ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ 40 ሊትር የሚይዝ ድስት ክዳኑ ተገጥሞ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሲገባ አየሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ምግብ አብሳዩ ድስቱን በመዳፉ ዳሰሰና «በረዶ ሆኗል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብረቱ በረዶ ሆኗል። የቴርሞሜትሩን ዘንግ ወደ መካከሉ ስሰደው ግን 31 ዲግሪ አነበብን። አሥር ሰዓት ሙሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ፣ የሾርባው ልብ ገና ለብ እንዳለ ነው። ክፍሉ አልተበላሸም፤ ሥራው ቀዝቃዛን ቀዝቃዛ አድርጎ ማቆየት እንጂ የፈላ ድስት ማቀዝቀዝ አልነበረም።

የአሜሪካ የምግብ ደንብ ለዚህ ግልጽ ገደብ አስቀምጧል። የበሰለ ምግብ ከ57 ዲግሪ ወደ 21 ዲግሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት፤ ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ ለመድረስ ተጨማሪ አራት ሰዓት አለው። ከሁለቱ ይበልጥ ወሳኙ የመጀመሪያው ነው፤ ባክቴሪያው የሚጋልበው በዚያ ክልል ነውና። በሁለት ሰዓት 21 ካልደረሰ ወዲያው እስከ 74 ዲግሪ አሙቆ ማቀዝቀዙን እንደ አዲስ መጀመር ይቻላል፤ እኔ ግን ለአረጋውያን የሚቀርብ ከሆነ እንዲጣል እመክራለሁ። እዚህ ገደብ ላይ ለመድረስ ሾርባውን ከአምስት ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ዝርግ የብረት ዕቃ ላይ መከፋፈል፣ ዕቃዎቹን በረዶና ውኃ ባለበት ገንዳ ውስጥ ማስቀመጥና ቶሎ ቶሎ ማማሰል ያስፈልጋል። ፕላስቲክ ሙቀት ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ክዳን ጥብቅ ተደርጎ የሚገጠመው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ዕቃዎቹም ማቀዝቀዣው ውስጥ ተደራርበው ሳይሆን አየር በመካከላቸው እንዲያልፍ ተለያይተው ይቀመጡ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ለ64 ሰው ሾርባ በዋዜማው መሥራት ለምን እንዳስፈለገ ራስዎን ይጠይቁ። በብዙ ቦታ ያገኘሁት መልስ የሠራተኞች የሥራ ፈረቃ ነው። ጠዋት አንድ ሰው ብቻ ስለሚገባ የከሰዓቱ ፈረቃ የነገውን ሠርቶ ይሄዳል። ውድ የፈጣን ማቀዝቀዣ መሣሪያ እንዲገዛ ከመጠየቅዎ በፊት ያንን ፈረቃ ለመቀየር ይሞክሩ። በዕለቱ ተሠርቶ በዕለቱ የሚበላ ምግብ ማቀዝቀዝ የሚባለውን ጣጣ ከሥሩ ይነቅለዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍንጭ ልምጣ። ሾርባው በማግስቱ ተሞቆ ከሆነ ሁሉም በእኩል መዳን፣ ካልተሞቀም ሁሉም በእኩል መታመም አልነበረባቸውም? የተጎዱት ግን በአብዛኛው ምግብ የሚፈጭላቸው ናቸው። ስለዚህ ከድስቱ እስከ ትሪው ባለው መንገድ ላይ የእነሱ ምግብ ብቻ የሚያልፍበት ቦታ አለ። እሱም መፍጫው ነው።

የተፈጨ ምግብ በተለምዶ እንዴት እንደሚሠራ ላስታውስዎ። ጊዜ ስለሚወስድ ከሁሉም ቀድሞ ይጀመራል። ሾርባው በጭልፋ እየተቀዳ ወደ መፍጫው ይገባል፤ እንዲቀጥን ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ወተት ይጨመርበታል፤ በትንሽ በትንሹ ስለሚፈጭ የመጀመሪያው ሳህን የመጨረሻውን ይጠብቃል። መጨረሻው ላይ 45 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ባክቴሪያው የሚወደው ሙቀት ነው። ከዚያ የሌሎቹ ምግብ እስኪወጣ ይቆያል። ስለዚህ ከሁሉም ቀድሞ የተሠራው ምግብ፣ ከሁሉም የደከመ ሰው ጋ፣ ከሁሉም ዘግይቶ ይደርሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከተፈጨ በኋላ እንደገና ወደ ምድጃ ተመልሶ 74 ዲግሪ ይድረስ። ማቅጠኛውም የፈላ መረቅ ይሁን፤ ውኃ ምግቡን ከማቀዝቀዙ በላይ ጉልበቱን ይቀንሰዋል፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ የሚበሉት ትንሽ ነው። ያደረ ምግብ የሚሞቀው ምድጃ ላይ ወይም ኦቨን ውስጥ እንጂ የእንፋሎት ማቆያው ላይ አለመሆኑንም ይመልከቱ። ማቆያው የሞቀውን ያቆያል፤ የቀዘቀዘውን ግን ሰዓታት ወስዶ በአደገኛው ክልል ውስጥ ያዘግመዋል። እንደገና ማሞቅ በሁለት ሰዓት ውስጥ 74 ካልደረሰ አልተሳካም።

መፍጫውን ራሱን ደግሞ ዛሬውኑ ይፍቱት። ምላጩ ሥር ያለውን የጎማ ቀለበት በጥፍርዎ ወይም በቢላ ጫፍ አውጥተው ያሽትቱት። እኔ ስፈታቸው ከኖርኳቸው መፍጫዎች ውስጥ ሽታው ያላንገሸገሸኝ ጥቂት ነው። ከቀለበቱ ሥር ግራጫ፣ ሙልጭልጭ የሚል ቅባት ይገኛል፤ ከላይ ሲታጠብ የመፍጫው ማሰሮ መስታወት ይመስላል፣ ያ ቅባት ግን ከቀን ወደ ቀን ከአንዱ ምግብ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። መፍጫው በየምግቡ መካከል መፈታት፣ በሳሙና መታጠብ፣ መለቅለቅ፣ በፀረ ጀርም መነከርና በአየር መድረቅ አለበት። ለዚህ ጊዜ የለም ከተባለ ሁለተኛ ማሰሮ ይገዛ። ከፈጣን ማቀዝቀዣው በጣም ይረክሳል።

በነገራችን ላይ የተፈጨው ምግብ ውፍረት የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቀጠነ ከሆነ ነዋሪውን ትን ይለዋል፤ ወደ ሳንባ የገባ ምግብ ደግሞ የሳንባ ምች ያስከትላል። ለመዋጥ ለሚቸገሩ ሰዎች የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ምግብና መጠጥን ከ0 እስከ 7 ባሉ ስምንት ደረጃዎች ይከፍላል፤ 4ኛው የላመ ምግብ ነው፣ 5ኛው ደቅቆ የራሰ ሲሆን ለአዋቂ የእያንዳንዱ ቅንጣት መጠን ከ4 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ልኩን ለማየት የሚያስፈልገው ሹካ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ያን ያህል ነውና። የነርሶቹ መዝገብ የሚለው ደረጃና ማዕድ ቤቱ የሚያውቀው ደረጃ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ሁልጊዜ አንድ ሆኖ አላገኘሁትም።

የሙቀት መመዝገቢያው አንድ ቀን ሳይሞላ ቀርቶ አያውቅም ብለዋል። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። እውነተኛ ማቀዝቀዣ ይተነፍሳል፤ ዕቃ ሲገባ 7 ይላል፣ ሌሊት 3 ይላል፣ በሩ ሳይዘጋ ሲቀር 9 ይላል። 4፣ 4፣ 4 እያለ ወሩን የሚጨርስ ወረቀት ያየሁት በተመሳሳይ እስክሪብቶና በተመሳሳይ የእጅ ዘንበልታ በአንድ ጊዜ ሲሞላ ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም የነገው ቁጥር ተጽፎ ጠብቆኛል። ሠራተኛውን አልቆጣሁትም፤ ከዚያ በፊት 9 ብሎ በጻፈ ጊዜ ምን እንደተባለ ጠየቅሁት። ተገሥጾ ነበር። እርስዎ 9 ብሎ የጻፈውን ሰው በሌሎች ፊት ያመስግኑት፤ ከዚያም ያንን ማቀዝቀዣ ምን እንዳደረገው ይጠይቁት። በአንድ ወር ውስጥ ወረቀቱ መናገር ይጀምራል።

ቴርሞሜትሩም ይፈተሽ። የተፈጨ በረዶ ብርጭቆ ሙሉ አድርገው ውኃ ይጨምሩበትና ዘንጉን ይክተቱ፤ 0 ማለት አለበት። በፈላ ውኃ መፈተሽ የሚወዱ አሉ፤ ነገር ግን ቦታው ከፍ ሲል ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በደጋ ቦታ 93 ያነበበውን ደህና ቴርሞሜትር ተበላሸ ብለው የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ። የአገልግሎቱን ሙቀት ሲለኩ ደግሞ የመጀመሪያውን ትሪ ሳይሆን መጨረሻ የሚደርሰውን ይለኩ፤ በጣም ሩቁ ክፍል፣ ጋሪው በመጨረሻ የሚቆምበት በር። ጋሪው ላይ ትኩስ ምግብ ከ57 ዲግሪ መውረድ የለበትም፤ አንዳንድ አገሮች 60 ወይም 63 ይላሉ። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ግን ሾርባው እየፈላ አይሰጠው፤ ቃጠሎም አደጋ ነው። ጋሪው ላይ ሙቅ፣ እጁ ላይ ለመብላት የሚመች ይሁን።

ሕመሙ በአንድ ቀን ስላለፈ አንዳንድ ሰው «ተቅማጥ ብቻ ነው» ሊልዎ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ተቅማጥ ብቻ የሚባል ነገር የለም። ጀርምን የሚገድለው የሆድ አሲድ በዕድሜ ይቀንሳል፤ የጨጓራ መድኃኒት ደግሞ የበለጠ ያሳንሰዋል። የመጠማት ስሜት ስለሚደክም ሰውነት ውኃ ሲያጣ ነዋሪው አይጠይቅም፤ የመርሳት ሕመም ያለበት ሰውም ሆዴን አመመኝ ላይል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝ ዌክፊልድ በነበረው ስታንሊ ሮይድ ሆስፒታል ሳልሞኔላ በተባለው ባክቴሪያ ከ400 በላይ ሰዎች ታመው 19 ሕሙማን ሞተዋል፤ የተጠረጠረው ተጠብሶ ከማቀዝቀዣ ውጭ በሙቀት የቆየ የበሬ ሥጋ ነበር። በዓመቱ፣ በ1985፣ በካናዳ ኦንታሪዮ ባለ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ከ169 ነዋሪዎች 55ቱ ኢ ኮላይ ኦ157 በተባለው ባክቴሪያ ታመው 19ኙ ሞቱ። ጥርጣሬው የወደቀው ሳንድዊች ላይ ሲሆን፣ በኋላ ግን ሕመሙ ከሰው ወደ ሰውም ተላልፏል። ስለዚህ ሁለቱን ክስተቶች ለጤና ባለሥልጣኑ ካላሳወቁ ዛሬ ያሳውቁ።

ማስረጃ የማይገኘው ምግቡ ታጥቦ ስለሚሄድ ነው። ከየምግቡ ናሙና የማስቀረት ልማድ ይጀምሩ። ጃፓን ውስጥ ለትልልቅ ማዕድ ቤቶች በወጣው መመሪያ ከእያንዳንዱ ምግብ 50 ግራም ያህል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሳምንት ይቀመጣል። ንጹሕ ከረጢት፣ ቀን፣ የምግቡ ስም፤ ሌላ ወጪ የለውም። የተፈጨውን ለብቻው ናሙና ይውሰዱለት።

ቀጣዩ ሕመም ይህንኑ ላይመስል ይችላልና ስለ ኖሮቫይረስ ጥቂት ልበል። እሱ ትውከት ያመጣል፤ ነዋሪውንም ሠራተኛውንም አይመርጥም፤ ለቀናት እየተዛመተ ይሄዳል። ጥቂት ቅንጣቶች ለመታመም ይበቃሉ፤ የአልኮል ጄል በሚገባ አይገድለውም፤ እጅ በሳሙናና በውኃ መታጠብ አለበት። የታመመ ሠራተኛ ምልክቱ ካቆመ 48 ሰዓት እስኪያልፍ ማዕድ ቤት አይግባ። እዚህ ላይ የአስተዳደሩን በር ማንኳኳት ያለብዎት እርስዎ ነዎት፦ የሕመም ፈቃድ የቀን ደመወዝ የሚያስቀርበት ሰው ተቅማጡን ደብቆ ይመጣል። የትኛውም ፖስተር ይህን አይለውጠውም። ጓንትን በተመለከተም አንድ ሰዓት ቆመው ይመልከቱ። እጅ ሲቆሽሽ ይሰማል፤ ጓንት ያደረገ ሰው ግን አይሰማውም። የማቀዝቀዣውን እጀታ፣ ስልኩን፣ አፍንጫውን ነክቶ ዳቦ ይቆርጣል።

የተቀረውን ቶሎ ልለፈው። ቆሻሻ ሳይታጠብ ፀረ ጀርም መርጨት ገንዘብ መርጨት ነው፤ ክሎሪን የምግብ ፍርፋሪ ሲያገኝ ኃይሉ ያልቃል። ምግብ ለሚነካ ገጽ በሚሊዮን ከ50 እስከ 100 ክፍል ክሎሪን ይበቃል፤ በመለኪያ ወረቀት ይለካ፣ በአፍንጫ አይገመት፣ ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም ፈጽሞ አይቀላቀል። የዕቃ ማጠቢያው ማሽን በሙቀት የሚያጸዳ ከሆነ የመጨረሻው መለቅለቂያ ውኃ 82 ዲግሪ ይድረስ። ዕቃ በፎጣ አይወልወል፤ እርጥብ ሳህንም አይደራረብ። በየፎቁ ነርሶች ክፍል ያሉትን ትንንሽ ማቀዝቀዣዎች ማን እንደሚያጸዳቸው ይጠይቁ። «ማዕድ ቤቱ» እና «ነርሶቹ» የሚሉ ሁለት መልሶች ካገኙ ማንም አያጸዳቸውም ማለት ነው።

ወደ ባልደረቦችዎ ሐሳብ ልመለስ። ሁሉን መከልከል ቀላል ነው፤ ነገር ግን የእርስዎን ችግር ያመጣው ቤተሰብ ያመጣው ምግብ ወይም እንቁላል አይመስልም፤ ዱካው የሚወስደው ወደ ራስዎ ድስት ነው። ሊከለከል የሚገባው አጭር ዝርዝር ነው፦ ያልበሰለ ሥጋና ዓሣ፣ ፓስቸራይዝ ያልተደረገ (ጀርሙ እንዲሞት በልክ ያልተሞቀ) ወተትና ጭማቂ፣ ከጥሬ ወተት የተሠራ ለስላሳ አይብ፣ ጥሬ የበቀለ ጥራጥሬ። ተቆራርጦ የሚሸጥ የተዘጋጀ ሥጋም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ማቀዝቀዣ ውስጥም ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ ከ20 በላይ ሰዎችን የገደለው ወረርሽኝ ምንጩ እንዲህ ያለ ሥጋ ሲሆን፣ ጀርሙ ተደብቆ የተገኘው በመቁረጫ ማሽኖቹ ሆድ ውስጥ ነው። የመፍጫውን ጎማ ያስታውሱ።

ከቤተሰብ የሚመጣውን ይቀበሉ። ስምና ቀን ይለጠፍበት፣ ለብቻው በተለየ ማቀዝቀዣ ይግባ፣ የሚሞቅ ከሆነ ሠራተኛ ያሙቀው፣ ጊዜው ሲያልፍ ይጣል። ነዋሪ በአንድ ወር ከክብደቱ 5 በመቶ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ ከቀነሰ አሳሳቢ ነው፤ የሚወደውን ምግብ የነጠቁት ሰው እዚያ ቶሎ ይደርሳል። የእራትና የቁርስ ርቀትም ይታይ፤ የአሜሪካ ደንብ በመካከሉ ከ14 ሰዓት በላይ እንዳይሆን ያዛል፣ ማታ በቂ መክሰስ ካልተሰጠ በቀር።

ለስላሳውን እንቁላል ደግሞ ፓስቸራይዝ የተደረገ ዓይነት ከተገኘ መከልከል አያስፈልግም፤ ካልተገኘ አስኳሉ እስኪጠነክር ይብሰል። አንድ ሽማግሌ ለሳምንታት ቁርሳቸውን ሳይነኩ ሲመልሱ፣ ነርሷ የምግብ ፍላጎት ማጣት ብላ መዝግባላቸው ነበር። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የፈለጉት አስኳሉ የሚፈስ እንቁላል ነበር፤ ማዕከሉ አቅራቢውን ቀየረና በማግስቱ ሳህናቸው ባዶውን ተመለሰ። ለእርስዎ አቅራቢ ዛሬ ይደውሉለትና ካርቶኑ ላይ ፓስቸራይዝድ የሚል ቃል መጻፉን ይጠይቁት።